ቦካ፣ ገማ ወይስ ሻገተ? ከምግብ ትራፊ ስለሚብላላ የዶሮ መኖ

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይመጣብኛል። አንድ ሰው ባልዲ ውስጥ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የካሮት ልጣጭና የጎመን ግንድ ይከታል። ውኃ ያፈስበታል። ይከድነዋል። ከሦስት ቀን በኋላ ከፍቶ ለዶሮ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ በትልልቅ ፊደል «መኖ መግዛት ቀረ!» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

አልቀረም። ግን ነገሩ ጨርሶ ውሸትም አይደለም፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ሰው የሚሳሳተው።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ የሚያረባ ሰው በዝቷል። አምስትም አሥርም የ45 ቀን ጫጩት ገዝቶ ጓሮው የለቀቀ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ይገባዋል። ዶሮ መግዛት ቀላል ነው፤ መቀለብ ነው ከባዱ። በዶሮ እርባታ ከሚወጣው ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የመኖ ነው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ እናንተ ይህን እስክታነቡ ይቀየራል።

እኔም አምስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። የመጀመሪያ ባልዲዬን ያበላሸሁት ያንኑ ቪዲዮ አይቼ ነው። የተረፈ ሽሮ ወጥ፣ ጫፉ ነጣ ያለ ዳቦ፣ ድንች፣ ያገኘሁትን ሁሉ ጨመርኩና ውኃ ሞላሁበት። በአራተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ «አይጥ ሞቶባችኋል እንዴ?» አለችኝ። ሁለተኛውን ስሞክር እናቴ ቤት ነበረች። ጎንበስ ብላ አሸተተችና «ይሄማ ሊጥ ነው፤ ልክ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ የእናቴን አፍንጫ ከማረጋገጥ አላለፈም።

«መብላላት» ሲባል ምን ማለት ነው?

የግብርና ባለሙያዎች «የተብላላ መኖ» ይሉታል። በቤት ቋንቋ የቦካ መኖ ነው። ጤፍ ስታቦኩ የሚሆነው ሁሉ እዚህም ይሆናል።

ሊጡ ላይ የሚቀረው ቢጫ ውኃ፣ እርሾው፣ በዓይን በማይታዩ ፍጥረታት የተሞላ ነው። ከነሱ መሃል ዋናዎቹ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ የሚባሉት ናቸው። ወተትን እርጎ የሚያደርጉትም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ምግቡ ውስጥ ያለውን ስኳር ይበላሉ፤ በምትኩ አሲድ ይለቃሉ። ሊጡ የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው። ኩፍ የሚለው ደግሞ በሚወጣው ጋዝ ነው።

ኮምጣጣነቱ ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ጥበቃም ነው። ቤት ቀድሞ የተከራየ ሰው ቤቱን ለራሱ በሚመች መልክ አበጅቶ ይኖርበታል። እነዚህም ባልዲውን ለራሳቸው ያኮመጥጡታል። ለነሱ ተስማሚ ነው። በሽታ ለሚያመጡት እንደ ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ ላሉት ግን አያኖርም። መጠኑ የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። ንጹሕ ውኃ 7 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ እየበረታ ይሄዳል። በደንብ የቦካ መኖ ከ4.5 በታች ይወርዳል፤ ከእርጎ ጋር ተቀራራቢ ነው።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚያስቀና ሀብት አለው። ቦካ፣ ገማ፣ ሻገተ። ሦስቱም የቆየ ምግብ ላይ የሚደርሱ ናቸው፤ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቦካ ካልን ሥራውን የሠሩት አየር የማይፈልጉት ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። ገማ ካልን ሌሎች ባክቴሪያዎች ቀድመው ገብተው ፕሮቲኑን በታትነውታል፤ የሽንት ቤትና የተበላሸ እንቁላል ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሻገተ ካልን ደግሞ ባክቴሪያም አይደለም። ፈንገስ ነው፤ አየር ይወዳል፤ ከላይ ይበቅላል፤ አንዳንዱ መርዝ ይተፋል። የመጀመሪያው ለዶሮ ይሰጣል። ሁለቱ ይጣላሉ። ቪዲዮዎቹ የማይነግሯችሁ ይህን ልዩነት ነው።

ዶሮዋ ምን ትጠቀማለች?

አንደኛ፣ ምግቡ ይቆያል። ዛሬ የወጣ ልጣጭ ነገ ይበላሻል። ከቦካ ግን ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል።

ሁለተኛ፣ ይፈጫል። እህልና ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሯል። ቁልፉ የጠፋ ሳጥን በሉት። ዶሮዋ ሳጥኑን ትውጣለች፤ ሳይከፈት በኩሷ ይወጣል። ሲቦካ ቁልፉ ይገኛል፤ ፋይቴቱን የሚሰብር ኢንዛይም ሥራ ይጀምራል። ፎስፈረስ ብቻ ሳይሆን አብረው የታሰሩ እንደ ዚንክና ብረት ያሉትም ይለቀቃሉ።

ሦስተኛ፣ አንጀቷ። ኮምጣጣው መኖ የላይኛውን የምግብ መፍጫ ክፍሏን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ለበሽታ አምጪዎች መንገዱ ይጠብባቸዋል።

የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህን በእንቁላል ጣዮች ላይ አይቷል። የቦካ መኖ የተሰጣቸው ዶሮዎች በደረቅ ሲሰላ ያነሰ መኖ በልተው ተቀራራቢ እንቁላል ሰጥተዋል። ቅርፊቱም ጠንክሯል። ግን እርስ በርስ መነካከሳቸው ጨምሮ ላባቸው ተጎሳቁሏል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ያቦኩት የተመጣጠነ የእንቁላል ጣይ መኖ ነው እንጂ የሰው ትራፊ አይደለም። ጥናቱን ጠቅሶ «ትራፊ አቡኩ» የሚል ሰው ግማሹን መንገድ ዘሎታል።

ማቡካት የማያደርገው ነገርም አለ። ያልነበረ ፕሮቲን አይፈጥርም። እንቁላል ጣይ ዶሮ መኖዋ ውስጥ ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን ትፈልጋለች። የጤፍ ፕሮቲን ከ10 እስከ 13 በመቶ ነው። የካሮት ልጣጭማ አይቆጠርም። እንጀራ ብታቦኩ የቦካ እንጀራ ነው የምታገኙት። (እንጀራ ቀድሞውንም የቦካ ነው፤ ሁለተኛ ዙር ነው የምትሰጡት።)

ታዲያ መኖ መግዛቴን ላቁም?

እንደ ዶሮዋ ነው።

የሀበሻ ዶሮ ከሆነች፣ ጓሮ ለጓሮ ጭራ የምትበላ፣ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትሰጠው። ትንሽ ትሰጣለች፤ ትንሽም ትጠይቃለች። ለሷ የቦካ ትራፊና ጥቂት እህል ትልቅ ድግስ ነው።

እንደ ቦቫንስና ሎህማን ያሉት ዝርያዎች ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው። በዓመት ወደ 300 እንቁላል እንዲጥሉ ተደርገው የተዳቀሉ ናቸው። በየቀኑ ከራሷ ሰውነት እንቁላል የምታወጣ ዶሮ ትራፊ ብቻ ብትበላ መጀመሪያ እንቁላሉ ያንሳል፣ ከዚያ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ከዚያ ትቆማለች። ሰው ታዲያ «ዶሮዎቹ አረጁ» ይላል። አላረጁም፤ ርቧቸው ነው።

ስሌቱን በኔ አምስት ዶሮዎች እንሥራው። አንዷ በቀን 120 ግራም ገደማ ደረቅ መኖ ትበላለች። አምስቱ 600 ግራም፣ በወር 18 ኪሎ፣ በዓመት 216 ኪሎ። ከዚህ አንድ አምስተኛውን በቦካ ትራፊ ልተካ። በዓመት 43 ኪሎ መኖ ተረፈ ማለት ነው፤ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ነገር ግን ባልዲው ውስጥ ከሚገባው ደረቅ ነገር አንድ ሦስተኛው የምገዛው ፉርሽካ ነው። ስለዚህ ከ43ቱ 14 ኪሎ ያህሉ በፉርሽካ ዋጋ ይመለሳል። ፉርሽካ ከተዘጋጀ መኖ ይረክሳል፤ የቀረው 29 ኪሎ ደግሞ ሙሉ ትርፍ ነው።

በእርጥብ ሲመዘን ይህ ለአንድ ዶሮ በቀን 70 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ጭብጥ። ደረቁ ሲቦካ ውኃ ይይዛልና ዓይን ይሸወዳል፤ ሙሉ ሳህን ሰጥታችሁ ዶሮዋ የጠገበች ይመስላችኋል፤ የዋጠችው ግን አብዛኛው ውኃ ነው።

ከአንድ አምስተኛ፣ ቢበዛ ቢበዛ ከአንድ አራተኛ አትለፉ። ስትጀምሩ ደግሞ ከአሥር እጅ አንዱ ይበቃል።

ከወጥ ቤት የሚወጣው ሁሉ ይገባል?

አይገባም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርገን እንየው።

የሚገባው፦ ያልሻገተ እንጀራና ዳቦ፣ የተቀቀለ ሩዝና ፓስታ፣ የጎመንና የሰላጣ ትርፍ፣ የካሮት፣ የዱባና የቀይ ሥር ልጣጭ፣ ሙዝና ፓፓያ፣ የበሰለ ምስርና አተር። የጎመን ቅጠል በተለይ አትጣሉ። አስኳሉን ቢጫ የሚያደርገው እንዲህ ያለው አረንጓዴ ቅጠል ነው። ገበያ ላይ «የሀበሻ እንቁላል» ብለን ከፍ አድርገን የምንገዛው ያ ደማቅ አስኳል ከቅጠልና ከሣር የመጣ ነው።

ወጥ ያለበት ትራፊስ? ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚፈራው በርበሬውን ነው። በርበሬው ዶሮዋን አያቃጥላትም። ወፎች ውስጥ ያለው የሙቀት ስሜት ተቀባይ ለሚጥሚጣው ማቃጠያ ምላሽ አይሰጥም። ይህን በ2002 እ.ኤ.አ. በዶሮ ላይ ካሳዩት ተመራማሪዎች አንዱ ዴቪድ ጁሊየስ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተካፈለው። ስለዚህ ዶሯችሁ ሚጥሚጣ እንደ ቆሎ ስትለቅም ብታዩ አትደንግጡ።

ችግሩ ጨው ነው። የዶሮ መኖ ውስጥ ያለው ጨው ከግማሽ በመቶ ያንሳል። የኛ ወጥ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ጨው የበዛባት ዶሮ ውኃ ትጠጣለች፣ ኩሷ ይቀጥናል፣ ሲብስ ትሞታለች። ማቡካት ደግሞ ጨው አይቀንስም። ወጥ የነካውን እንጀራ ወንፊት ላይ አድርጋችሁ በውኃ አለቅልቁት። ዘይቱም አብሮ ይሄዳል። ወጡን ራሱን ግን አትጨምሩ፤ ጨው ብቻ ሳይሆን የሽንኩርት ክምችት ነው። ብዙ ሽንኩርት የዶሮን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል።

አቮካዶ ልጣጩም ፍሬውም አይገባም፤ ለወፍ መርዝ የሆነ ነገር አለው። አረንጓዴ የሆነ ድንች ልጣጭ አይገባም። ጥሬ ቦሎቄ አይገባም፤ ሲበስል ችግር የለበትም። የቡና አተላና የሻይ ቅጠል አይገባም። ብዙ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭም ቢቀር ይሻላል።

ሥጋ፣ የእንቁላል ትራፊና ከምግብ ቤት የሚመጣ ቡሌ ለብቻው ሕግ አለው። ማቡካት ሳልሞኔላን ያዳክማል እንጂ ሁሉን አይገድልም። የፈንግል ቫይረስ ደግሞ አሲድ ይችላል። የበዓል ዶሮ ሥጋና የሆድ ዕቃ ሳይበስል ለዶሮ መስጠት ማለት በሽታውን በሳህን ማቅረብ ነው። ስለዚህ ሥጋ ነክ ነገር ዶሮ ቤቱ እንዳይደርስ ማድረግ ይሻላል። ከምግብ ቤት የምታመጡ ከሆነ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት እየተንተከተከ ይቀቀል፤ ቀዝቅዞ ከዚያ ይቡካ። ከመቀቀሉ በፊት በእጃችሁ አገላብጡት። ስቴኪኒ፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ ሶፍት አይጠፋም። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ባልዲ አሥራ አንድ ስቴኪኒ ቆጥሬያለሁ። አንዱ የዶሮ ጉሮሮ ለመብሳት ይበቃል።

የጾም ወቅት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ከቤት የሚወጣው ትራፊ ሥጋ የለበትም፤ ምስርና አተሩ ደግሞ ይበዛል።

የሻገተውን ቆርጬ ብጥለውስ?

አይሆንም። ሻጋታ እንደ እንጉዳይ ነው፤ ላይ የምታዩት አናቱ ነው። ክሩ ወደ ውስጥ ገብቷል።

የሚያስፈራው ደግሞ ክሩ ሳይሆን መርዙ ነው። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ጉበት ያጠቃል፣ እንቁላል ይቀንሳል፣ ዶሮዋን ለሌላ በሽታ ያጋልጣል። መርዙ ሲቀቀል አይጠፋም። ሲቦካም ጠፋ ብሎ የሚተማመኑበት አይደለም። ከሰባት ዓመት በላይ ዶሮ ያረቡ ሰዎች እንኳ «እሳት ያየ ነገር ንጹሕ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ባክቴሪያ ላይ እውነት ነው፤ አፍላቶክሲን ላይ አይሠራም።

ስሙ ለአዲስ አበቤ አዲስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. አካባቢ የከተማዋ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ ተብሎ ብዙ ሰው ወተት አቁሞ ነበር። ጣቱ የተቀሰረው በላሞቹ መኖ፣ በተለይ በኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው የኑግ ቅሪት) ላይ ነበር። ከመኖ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ብርጭቆ። የዶሮም መንገድ ከዚህ አይለይም።

የሻገተ እንጀራና ድርቆሽ ከሩቅ ጣሉ። እኔ ጉድጓድ ቆፍሬ ነው የምቀብረው፤ በደንብ አፈር አልብሼ። ዶሮ ጭራ ጭራ ማረጃዋን ካራ ታወጣለች የሚለውን ተረት እኔ ጓሮ ቃል በቃል ሲፈጸም አይቻለሁ። በማግስቱ አምስቱም ጉድጓዱ ላይ ነበሩ።

እሺ፣ እንዴት ይሠራል?

ዕቃው ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ይሁን፤ ምግብ የነበረበት። የቀለም ባልዲ ርካሽ ነው፣ በየቤቱም አለ፤ ግን ለዚህ አይሆንም። ቆርቆሮም አይሆንም፤ አሲዱ ይበላዋል። 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን አናቱ ተቆርጦ በደንብ ከታጠበ በቂ ነው።

ትራፊውን ለቅማችሁ፣ አለቅልቃችሁ፣ ጣት በሚያህል ቁራጭ ክተፉት። ልጣጩ ሲደቅ ቶሎ ይቦካል። ሦስት ጆግ ትራፊ ከሆነ አንድ ተኩል ጆግ ፉርሽካ ጨምሩ። ፉርሽካው ሁለት ሥራ አለው፤ ውኃውን ይጠጣል፣ ለባክቴሪያዎቹም ቀለብ ይሆናል።

ከዚያ እርሾ። ከሊጥ ላይ የቀዳችሁት አንድ ስኒ እርሾ ይበቃል። እርሾ ከሌለ አዲስ አጓት ይሆናል። ሁለቱም ከሌሉ ልጣጩ ላይ ራሳቸው ባክቴሪያዎቹ አሉ፤ አንድ ሁለት ቀን ይዘገያል እንጂ ይቦካል። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ካለፈው ባልዲ አንድ ጭልፋ ማስቀረት ነው፤ ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ እንደምታስቀሩት።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው እርሾውን ያዳክማል። በክፍት ዕቃ አንድ ሌሊት ቢያድር ክሎሪኑ ይተናል። (ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ይህን አታስቡ፤ በርሜሉ ውስጥ ሦስት ቀን አድሮ ነው የሚደርሳችሁ።)

ሁሉንም አዋሕዳችሁ በእጃችሁ ጨብጡት። በጣቶቻችሁ መሃል ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው። ከፈሰሰ ፉርሽካ ጨምሩ። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ትንሽ ውኃ አርከፍክፉ። የኔ የመጀመሪያ ባልዲ የገማው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሾርባ ነበር የሠራሁት።

አሁን ዋናው፦ አየሩን አስወጡት። በቡጢያችሁ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት። ላዩን በንጹሕ ፌስታል ሸፍናችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ክዳኑን ግን ጥርቅም አታድርጉ። ጋዝ ይወጣል፤ መውጫ ካጣ ክዳኑን አስፈንጥሮት ግድግዳችሁን ይቀባዋል። ይህን እንዴት እንደማውቅ አትጠይቁኝ።

ፀሐይ በማይመታው ቦታ አስቀምጡት። አዲስ አበባ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፤ ክረምት ላይ አምስትም ሊሆን ይችላል። አዳማና ድሬዳዋ ሁለት ቀን ይበቃል።

መድረሱን በምን አውቃለሁ?

በአፍንጫ። የሊጥ፣ የእርጎ፣ ትንሽ የኮምጣጤ ሽታ ካለው ደርሷል። ጠላ ጠላ ካለ እርሾው በርትቶ አልኮል ወደ ማውጣት ሄዷል፤ ቀነስ አድርጋችሁ ቶሎ ስጡት፣ ቀጥሎ ስትሠሩ ጣፋጭ ፍራፍሬ ቀንሱ። ሽንት ቤት ወይም የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ይጣል። «ትንሽ ነው የሸተተው» የሚባል ነገር የለም።

ላዩ ላይ ስስ፣ ጠፍጣፋ ነጭ ሽፋን ብታዩ እርሾ ነው፤ ገፍፋችሁ ትቀጥላላችሁ። ፀጉር ያለው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ከሆነ ሻጋታ ነው። ባልዲው በሙሉ ወደ ጉድጓድ።

ከተጠራጠራችሁ አንድ ዘዴ አለኝ፦ ሊጥ የምታቦካ እናት ጠርታችሁ አሸትቷት።

እንዴት ይሰጣል?

ጠዋት ስጡ። በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ጨርሰው የሚነሱትን ያህል ብቻ። የተረፈውን አንሱና መመገቢያውን እጠቡ፤ አየር ካገኘና ፀሐይ ከመታው በኋላ ያ ሁሉ ጥበቃ ይፈርሳል። ዝንብም ይመጣል። መመገቢያው ረዘም ያለ ይሁን፤ ሁሉም እኩል እንዲደርሱ። ጠባብ ከሆነ ደካማዋ ትነከሳለች።

መጀመሪያ ቀን ላይወዱት ይችላሉ። የኔዎቹ ዙሪያውን ዞረው እንደ ቦምብ ነው ያዩት። ከደረቁ መኖ ጋር እየደባለቃችሁ በሳምንት አሥር ቀን ውስጥ አስለምዷቸው። ለጫጩትና ለቄብ አትስጡ፤ እነሱ አጥንትና ሥጋ የሚሠሩበት ጊዜ ላይ ናቸው፣ የራሳቸውን መኖ ይብሉ።

ካልሲየም ለብቻው ነው። አንድ እንቁላል ቅርፊቱ ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይዞ ይወጣል፤ ትራፊ ውስጥ ደግሞ ከየትም አይገኝም። የእንቁላል ቅርፊት ሰብስባችሁ ምጣድ ላይ አመስ አድርጉና በሙቀጫ ውቀጡ። በሌላ ዕቃ አስቀምጡላቸው፤ የሚፈልጉትን ራሳቸው ይወስዳሉ። በቅርፊቱ መልክ ግን አትስጡ፤ ከለመዱት የጣሉትን እንቁላል መስበር ይጀምራሉ።

የጠላና የቢራ አተላስ?

እነዚህ ቀድመው የቦኩ ናቸው፤ መልሶ ማቡካት አያስፈልግም። የቢራ ፋብሪካ አተላ ደረቁ ከ20 በመቶ በላይ ፕሮቲን አለው፤ ከእንጀራ ይበልጣል። ግን ገለባ ስለሚበዛው ዶሮ እንደ ላም አትጠቀምበትም። እርጥቡ ደግሞ በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታል። ጠቅጥቆ፣ አየር አሳጥቶ ማስቀመጥ፣ ወይም ፀሐይ ላይ አሰጥቶ ማድረቅ ነው። የቤት የጠላና የአረቄ አተላ አልኮል ይቀረዋል። ሰፈራችን ውስጥ አተላ ጠጥቶ አጥር ላይ ለመውጣት ሦስት ጊዜ የወደቀ አውራ ዶሮ ነበር፤ ልጆች ተሰብስበው ያጨበጭቡለት ነበር። ለዶሮ ከሆነ በትንሹ፣ ከፉርሽካ ጋር።

ውጭ አገር ያላችሁስ?

አውሮፓ ያላችሁ ተጠንቀቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በእንግሊዝ የወጥ ቤት ትራፊ ለዶሮ መስጠት የተከለከለ ነው፤ በጓሮ ለተያዙ ሁለት ዶሮዎችም ቢሆን። ምክንያቱ አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተነሳው የአፍተግር ወረርሽኝ ሥሩ በደንብ ያልተቀቀለ የምግብ ትራፊ የሚበላ የአሳማ እርባታ ነው ተብሎ ነበር። ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ። ክልከላው በጥቅሉ ወጥ ቤት ያለፈን ነገር ይመለከታል፤ ሥጋ ያልነካው የካሮት ልጣጭም ቢሆን። በቀጥታ ከጓሮ ተቆርጦ፣ ወጥ ቤት ሳይገባ የሚሰጥ ጎመን ግን ይፈቀዳል። የተገዛ መኖ ራሱን ማቡካትም አይከለከልም፤ ዴንማርኮቹ የሠሩት እሱን ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደንቡ እንደየግዛቱና እንደየከተማው ይለያያል፤ አንዳንድ ከተማ ከመኖው በፊት አውራ ዶሮውን ራሱን ይከለክላል።